ከበሩ የሰፋች

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ክረምት፣
በረሳ ደፍርሶ፣ ድልድዩ ሥር ገብቶ ሲያጓራ ባንድ ሌሊት፣
ቆሜ ሳዳምጠው ገረመኝ፤ ይህን ውሃ
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከላይ ከላይ ነው ያለፍሁት።

ጧት ለአሰለፈች፣ «ጀልባ ልሠራ ነው» ብዬ ብነግራት፣
ከሽንኩርቱ ቀና ሳትል፣ «ባሕሩን ከየት አመጣህላት?»

ባሕሩን አላመጣሁም። ዛፉ ግን ከደጄ ነበር፤
አባቴ ተክሎት የሞተ፣
ነፋስ ሲመታው ማዕበል ማዕበል የሚል ነገር።
ባሕር ዛፍ እንለዋለን፣ ባሕር በሌለው ደጋ፤
ስሙን እንደ ዕዳ ተሸክሞ፣ አንዲት ሞገድ ሳይጠጋ።
ቆረጥሁት። ይቅር ይበለኝ።
ለስሙ ላበቃው ብዬ ነው።

ተንኮለኛ እንጨት ነው። ማታ አቅንተህ ያስተኛኸው
ጧት ተጣሞ ይጠብቅሃል።
በወፍጮ መጅ ተጫንሁት፣ በድንጋይ፣ በራሴ ክብደት።

አጥንቷን ከምን ልቅዳ? ጀልባ በዓይኔ አላየሁ፤
የገናውን በግ ስንበልት ጎድኑን ከፍቼ አየሁ፤
አሥራ አንድ የወይራ ዘንግ በእንፋሎት አለሰለስሁ፣
በዚያው ልክ አጎበጥሁ።

የደብረ ብርሃን ውርጭ ግን የባልዲ ውሃ ያደርቃል፤
ኮላው ሳንቃውን ትቶ ከጣቴ ጋር ይጣበቃል።
ምን ላድርግ? አጽሟን ብቻ አስገባኋት፣ ባልጋችን ግርጌ፣
ፋብሪካው ሲያሰናብተኝ የሰጠኝን ብርድ ልብስ ደርቤ።
አሰለፈች ወደ ግድግዳው ዞራ፣ «ጣውንት አመጣብኝ» አለች።
ሌሊት ግን ተነሥታ፣
የተገለጠውን ትከሻዋን ቀስ ብላ ስትሸፍን አየኋት፤
የተኛሁ መሰልሁ።

በሚያዝያ ፀሐይ ግቢ ውስጥ ሳንቃ ለበሰች፤
ስንጥቋን በፋብሪካው ጥራጊ ሱፍና በሰም ደፈንሁት፤
ለዚያ ይሁን እንጃ፣ ስትነካት ትሞቃለች።

ከማንያዘዋል ጋራ አራት ዓመት ተካሰናል፣ ባንድ ክንድ መሬት።
ቀበሌው ሰልችቶናል፤ ሽማግሌ ሲያየን መንገድ ይቀይራል።
ፍርዱ ለእሱ ወጣ፤ በማግሥቱ ቆርቆሮ አጠረበት።

ጳጉሜን ሦስት፣ ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ሲራጩ፣
ስናወጣት፣ በቤቴ ጥግና በቆርቆሮው መሃል ተቀረቀረች።
በጎኗ አዞርናት፣ ባፍንጫዋ አቆምናት፣ እምቢ አለች።
ሜትሬን ዘረጋሁ።
የጎደለን አንድ ክንድ ነው።
ያቺው።

ከወዲያ ሳል ሰማሁ። ቀጥሎ የምስማር ጩኸት።
ማንያዘዋል በጉጠት እየነቀለ ቆርቆሮውን አወረደው፤
አንገቱን ሳያነሣ፣ «ጭቃ ነው፣ አትቸኩሉ፤ ከኋላ እኔ ልያዝ» አለ።
ምስማሮቹን ግን አንድ በአንድ ለቅሞ ከኪሱ ሲከት አይቻለሁ።

ስድስት ሆነን በትከሻ ወሰድናት። አላፊው ቆቡን አወለቀ።
አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ማን ሞተ?» ስትል፣
«ማንም» አላት ማንያዘዋል፤ «ዛፍ ነው።»

በረሳ ያን ቀን ደክሞታል፣ ከድልድዩ በታች ተኝቷል።
ወርዱ ቢበዛ ሃያ እርምጃ፤ ስምንት ቅዝፊያ።
ውሃ ታስገባለች፤ እሱ በጣሳ ይቀዳል፣ እኔ እቀዝፋለሁ፣
አሰለፈች ከዳር ሆና ሁለታችንንም ትሰድባለች።
መሃሉ ላይ መቅዘፊያውን አነሣሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት የረገጥሁትን ድልድይ ከሥሩ አየሁት፤
ሆዱ እርጥብ ነው። ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች።
የማንም እግር ከላይ ሲያልፍ
ትንሽ አፈር ይረግፋል።

ሲመሽ ማንያዘዋል ኪሱን እያንቃጨለ፣
«አጥሩስ?» አለኝ።
«ቆይ እስቲ» አልሁት፤
«እሷ ገና አልገባችም።»